የደሳለ የእጅ ጽሑፍ

ደሳለ የሰበሰበውን ተክል በጋዜጣ ጠቅልሎ ከላሊበላ በላይ ወዳለው የዕፅዋት አፀድ የመጣ ዕለት፣ ማኅሌት ሰላም እንኳ ሳትለው ጋዜጣውን ገልጣ አየችና ሳቀች።

«ይኼማ ድርቆሽ ነው! ለላም ከሆነ በረቱ ከታች ነው፣ ወንድሜ።»

«ላሚቱ እንቢ ብላኝ ነው ወዳንቺ ያመጣሁት» አላት።

ተያዩና አብረው ሳቁ። ነገሩ በዚያ ሳቅ ተጀመረ፣ ይላሉ የሚያውቋቸው።

እሷ የአፀዱ የደረቁ ዕፅዋት ክምችት ጠባቂ ነበረች፤ እሱ የላስታን ገደል የሚወጣ ሰብሳቢ። ተክሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሁለት የእንጨት ርብራብ መሀል በቀበቶ ጠፍሮ ያመጣል። እሷ በወፍራም ወረቀት ላይ ትሰፋዋለች። ከግርጌው መለያ ይለጠፋል፦ የተክሉ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ከሳተላይት የተነበበው የአቅጣጫ ቁጥር፣ የሰብሳቢው ስም።

ደሳለ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነውና ፊደሉ እንደ ብራና ጽሑፍ ቀጥ ያለ ነበር። ዝናብ ያበላሸበትን መለያ እሷ ትገለብጥለታለች። እያየች፣ እያስመሰለች፣ በሦስተኛው ዓመት ጽሕፈቷ ከእሱ የማይለይ ሆነ።

ፍቅሩን በአፉ ተናግሮ አያውቅም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ባመጣው ጦስኝ መለያ ላይ፣ በማስታወሻው መስመር ግን «ሽታው እስከ ማታ ከእጄ አልለቀቀም። ብታሸቺው ጥሩ ነበር» ብሎ ጻፈ።

«ይኼ ለምርምር ምን ይረባል?» አለችው ፊቷን አዙራ።

«ለተመራማሪዋ ይረባል።»

ደሳለ ኮን ከተማ ወዳሉት አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ሲቆጥር ጦርነቱ ደረሰ።

ማኅሌትና ደሳለ ውስጥ ሳሉ ታጣቂዎች የክምችቱን በር ቁልፍ በጥይት በጥሰው ገቡ። ቁምሳጥኖቹን በሰደፍ ሰባበሩ፤ የስንት ገደል አበባ በጫማቸው ሥር ተንኮሻኮሸ። የዘበኛውን የአያ ኢያቄምን ጥርስ አረገፉ። ከዚያ አዛዣቸው አንድ መለያ ከመሬት አነሣ።

«የተራራ ስም፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ... ለመድፍ ዒላማ ነው የምትሰጡት!»

«የተክል አድራሻ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አያ ኢያቄም ደም እየተፉ።

«ተክል ደግሞ ምን አድራሻ አለው? የማን ጽሕፈት ነው? ባለቤቱ ይሞታል!»

ደሳለ አፉን ሲከፍት ማኅሌት ቀደመችው። «የእኔ ነው።»

አዛዡ በጥፊ ሲላት ከግድግዳው ተላተመች።

«ትዋሻለች! የእኔ ነው!» ብሎ ጮኸ ደሳለ።

አዛዡ እርሳስ ወረወረላቸው። «ሁለታችሁም መለያውን ገልብጡ።»

ማኅሌት የከንፈሯን ደም በነጠላዋ ጠርጋ፣ እመቤቴን በልቧ እየጠራች ጻፈች፤ ደሳለም ጻፈ። አዛዡ ሁለቱን ወረቀት ከመለያው ጋር አስተያየ። ደግሞ አየ። ልዩነት አጣ።

«ለሁለታችሁ አንድ እጅ ነው እንዴ ያላችሁ?»

ወረቀቶቹን ጨምድዶ ጣላቸው።

«እንግዲያው አንዱ ይበቃችኋል» አለና የደሳለን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ አስይዞ በሰደፍ ደቀደቀው። አንዴ አልበቃውም። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰባበር ማኅሌት ሰማች። ሽጉጡን ወደ ግንባሩ ሲያነሣ ጓሮው ላይ የመድፍ ጥይት ወደቀ፤ ጣሪያው ተገነጠለ። ታጣቂዎቹ ክምችቱ ላይ እሳት ለቀው ሸሹ።

ማኅሌት ደሳለን በሚነድደው ጦስኝ ጢስ ውስጥ ጎትታ አወጣችው። ደጅ ፀሐይ ላይ የነበረውን ርብራብ አነሣች፤ የተፈጨውን እጅ በጋዜጣ ጠቅልላ በሁለቱ እንጨት መሀል አደረገችና በቀበቶው ጠፈረችው።

«ድርቆሽ... አደረግሽኝ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ዝም በል። ስትደርቅ እመዘግብሃለሁ» አለች እያለቀሰች።

ያ እጅ ዳግመኛ ብዕር አልያዘም።

ሰላም ሲወርድ ሽማግሌዎቹ ኮን ሄዱ። አባቷ አቶ ባምላክ «በአንድ እጁ ልጄን እንዴት አድርጎ ሊያኖራት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

በአገሩ ወግ ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት አትናገርም። ማኅሌት ግን ከጓዳ ሆና፣ «አባዬ፣ ሌላው እጁ እኔ ጋ ነው ያለው» አለች።

አቶ ባምላክ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተነሡና መረቁ።

ከሠርጉ በኋላ በመስከረም አቡነ ዮሴፍን አብረው ወጡ። ደሳለ በግራ እጁ ጦስኝ ቆረጠ፤ እሷ መለያውን በእሱ ፊደል ጻፈች። ሰብሳቢ በሚለው መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ስም ሰፈረ።

«ማስታወሻው ላይስ?» አለችው።

ደሳለ ጦስኙን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋላት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«አሸተትነው፣ ብለሽ ጻፊ።»