ለቀብር የደረሰው ወንድም

አማከለች በወንድሟ በይሥሐቅ ከተቀየመች ዓመታት አልፈዋል። እናታቸው ስታጣጥር አማከለች ና ብትለው፣ ከሚነግድበት የቻይና ከተማ ከጓንዡ ደውሎ፣ «እትዬ፣ አይሮፕላኑ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ ከአዲስ አበባ መንዝ ደግሞ ሌላ ቀን ነው። አልደርስም» አላት። እናትየው ያለ ልጇ አፈር ገባች።

ዘንድሮ ታላቅ ወንድማቸው ወዳጆ ጓሳ ከሚባለው የጋራ ሣር መሬት ገደል ሥር ሞቶ ሲገኝ መሽቶ ነበር። ጠዋት ሊቀበር ሲል ይሥሐቅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከተፍ አለ። ሰዉ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው አለ። አማከለች ግን አንድ ነገር ከነከናት። የቀራት ወንድም እሱ ነውና ዝም አለች።

ፖሊስ የያዘው የወዳጆን ጎረቤት ወልደ ጻድቅን ነው። ጓሳው ለአጨዳ ሳይከፈት ሣር አጭደሃል ብሎ ወዳጆ ከሶት ነበር። አማከለች የሰውየውን ልጆች ላለማየት በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች።

ከዞን የተላከችው መርማሪ ፀደንያ ወደ ገደሉ ወጣች። የወዳጆ በርኖስ ገደሉ ጫፍ ላይ እንደ መቀመጫ ተነጥፎ ነበር። ወልደ ጻድቅን ስታነጋግረው መጣላታቸውን አልካደም፤ ወዳጆን ያበሳጨው ግን የእናታቸውን ይዞታ ለቱሪስት ማረፊያ ሎጅ ሠሪ እንስጥ የሚለው ወንድሙ እንደነበር ነገራት። አማከለችን በርኖሱ ለማን እንደተነጠፈ ብትጠይቃት አላውቅም ብላ አቀረቀረች።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ሐዘን ቤት ሰበሰበች።

«በዚያ ብርድ በርኖሱን አውልቆ ለጠላቱ የሚያነጥፍ የለም» አለች። «አቶ ይሥሐቅ፣ እርስዎን ማን አረዳዎት?»

«የወንድሜ ሚስት፣ ጌታነሽ። በስልክ።»

ጌታነሽ ቀና አለች። «እኔ? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ወንድምህ ታሟል ብለን አስመጥተን፣ ዘመድ ባለበት ልናረዳህ ነበር የተማከርነው። ቀብር ላይ ሳይህ ማን ነገረው ብዬ ደነገጥኩ።»

«እንግዲህ ሌላ ሰው ይሆናል። ቶሎ መድረሴ ከሆነ፣ የቻይና ሰዓት ከኛ ይቀድማል፤ ስመጣ ወደ ኋላ ተመለሰልኝ።»

«ሰዓቱ ይመለስልዎ፤ መንገዱ ግን አያጥርም። የሞተው ማታ ተገኘ፤ እርስዎ ጠዋት መቃብር ላይ ቆሙ። ሌሊቱ ለአይሮፕላኑ ቢበቃ እንኳ ከአዲስ አበባ ለሚመጡበት አይበቃም። ወዳጆ ሲሞት እዚሁ አገር ነበሩ። ትናንት ፓስፖርትዎን ስጠይቅ አዲስ አበባ ረሳሁት ያሉኝም የገቡበትን ቀን እንዳላይ ነው።»

«የጓንዡን መንገድ እርስዎ በምን ያውቁታል?» አለ፤ ሊስቅ ሞከረ።

አማከለች ተነሣች።

«እኔ አውቀዋለሁ። ለእናትህ ሌሊትና ቀን ይፈጃል ያልከው መንገድ፣ ለወዳጆ በምን አጠረ?»

ይሥሐቅ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። «እትዬ፣ ገፋ ነው ያደረግኩት። ገደሉን ረስቼው።»

መርማሪዋ የእህት ምስክርነት ባይኖርም የእምነት ቃሉ እንደሚበቃ ነገረቻት። አማከለች እንቢ አለች። ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፤ መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ፈረመች። ከዚያ ቀለሙን ሳትጠርግ በር ላይ ቆማ ወልደ ጻድቅን ጠበቀችው፤ ሲወጣም ልጆቹ ዘንድ አብራው ሄደች።