የጃንጥላው እጀታ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ፈርቼ ሳይሆን ስለማላምን ነው፣ ዶርም ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ስለ መንፈስ ሲያወሩ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ኖቴን አነብ ነበር፣ ስለዚህ ይህን ስጽፍ በራሴ ትንሽ አፍራለሁ። ቢሆንም የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ማብራሪያ ግን ከእኔ አትጠብቁ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ሲቀላ ሰፈር ቤተሰቦቼ ጋ ተቀምጬ ነበር። ሰው ሁሉ ፊልም ትቶ በስልኩ ፎቶ ማንሳት የጀመረበት ጊዜ ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ስካነር ላከልኝ፣ ጠፍጣፋ፣ ክዳኑ ውስጥ ለፊልም የሚሆን መብራት ያለው፣ እኔም የሰፈር ሰው የድሮ ፊልም እየተቀበልኩ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመርኩ። አቧራ ጠላቱ ስለሆነ ሥራ ስጨርስ በነጠላ እሸፍነዋለሁ። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር፣ "ባል አምጪ ስልሽ ማሽን አምጥተሽ ታለብሺያለሽ?" ትለኛለች።

ጋሽ ዘለቀን ያመጣቻቸውም እሷ ናት። ገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ የእኔንም የልደት ፎቶ ያነሱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፈው መጡ፣ ግላኮማ ዓይናቸውን ጨርሶባቸው ነበር፣ የሚያዩት በአንዱ ብቻ፣ እሱም በቀዳዳ እንደማየት ነው፣ ሐኪሙም ከጥቂት ወራት በላይ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል።

ቆርቆሮው ውስጥ ምስጥና እርጥበት ያልበሉት ሰባት ቁራጭ ፊልም ነበር። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ሌንሱ ከግራ ወደ ቀኝ እየዞረ በሚያነሳ ካሜራ የተነሱ ናቸው፣ አንዱ ፎቶ የተራውን ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የጨንቻ ገበያ ከዳር እስከ ዳር፣ ጋቢ ያነጠፈው ሸማኔ፣ ተደራዳሪው፣ የሚያዛጋው አህያ ሳይቀር አንድም ፊት አልደበዘዘም። ከኦቾሎ ተራራ ጫፍ ላይ ሆነው ያነሱት ደግሞ የአባያን ሐይቅ ሙሉውን፣ ደሴቶቹን፣ ከታች የደመናውን ጥላ። ያን ካሜራ ተሸክሞ ያንን ዳገት መውጣት፣ ደመናው እስኪያልፍ ግማሽ ቀን መጠበቅ፣ ከዚያ አንዴ ብቻ መጫን። እኔ በስልኬ አንድ ኩባያ አሥር ጊዜ የማነሳ ሰው አፈርኩ።

"ይቺን የኦቾሎዋን ነው የምፈልገው" አሉኝ። "ጫፏን ሳትቆርጪ።"

"ጫፉ ላይ ምን አለ ጋሼ?"

"የአማረች ጣት።"

ባለቤታቸው እትዬ አማረች ካረፉ ቆይተዋል። ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር፣ ካሜራ ሲዞርባቸው በነጠላ ፊታቸውን ይሸፍናሉ፣ ግን በየሥራው አብረዋቸው እየሄዱ ፀሐይ ሌንሱን እንዳይመታ ጃንጥላ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ካሜራው ደግሞ በጣም ሰፊ ስለሚያይ እጃቸው ዳር ላይ ይገባል።

"'አንቺ ሴትዮ፣ ጣትሽን ሰብስቢ!' እላታለሁ። 'እንግዲያው ፀሐይዋን ራስህ ያዛት!' ትለኛለች" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "ደንበኛ ጣት ያለበት ፎቶ አይወድም ብዬ፣ ያጠብኩትን ሁሉ ጫፉን በመቁረጫ ቆርጬ ጣልኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ቆርጬ የጣልኩት ሚስቴን ነው። ፊልሙን ደግሞ ምስጥ በላው፣ አሁን እጇ ያለው እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ሳይጨልምብኝ በትልቁ አሳዪኝ።"

በማግስቱ ጀመርኩ። የስካነሩ የፊልም መያዣ ለተራ ፎቶ የተሠራ ስለሆነ ጫፉን ይጋርዳል፣ ስለዚህ ከጫማ ካርቶን በልኩ ቆርጬ ሌላ ሠራሁ። ፊልሙን መስኮት ላይ አየሁት፣ ቀኝ ዳር ላይ ቀጥ ያለ የጃንጥላ እጀታ፣ እጀታውን የጨበጡ አራት ጣቶች፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ፊልም። የመጀመሪያውን ስካን አደረግኩ፣ አራት ጣቶች፣ በጣም ጥሩ። ግን አንዲት ክር የምታህል አቧራ ገብታለች፣ ስለዚህ ፊልሙን አራግፌ ደገምኩት።

በሁለተኛው የእጅ አንጓ ነበር። ሁለት ቀጭን አምባር፣ አንዱ ተሰብሮ በክር የታሰረ።

ካርቶኑ ተንሸራቶ ነው ብዬ ፊልሙን እንደገና መስኮት ላይ አየሁት፣ አራት ጣቶች፣ ከዚያ ባዶ። ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት፣ ነፋስ የያዘው ጨርቅ ሲርገበገብ እንደሚያሰማው ዓይነት፣ መጋረጃው ነው ብዬ ዞር አልኩ፣ መጋረጃው ደግሞ በዚያ የሲቀላ ሙቀት ድንጋይ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛውን ባላደርግ ይሻለኝ ነበር። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ወጥቶ ነበር። ስካነሩን አጠፋሁና ወደ ጋሽ ዘለቀ ቤት ሄድኩ።

እንደ እብድ እንዳያዩኝ እየፈራሁ ነገርኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አምባሩ በምን ነው የታሰረው?"

"በክር።"

"የዚያን ቀን ዳገቱ ላይ ወድቃ ነው የተሰበረው። ከነጠላዋ ክር መዝዤ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ለማንም አላወራሁም።" ኮፍያቸውን አነሱ። "ነይ፣ እንሂድ። ፊቷ አልቀረም እንዴ?"

እኛ ቤት ስንደርስ እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ፣ በደህናው ዓይናቸው ለማየት አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ስካን የሚለውን ተጫንኩት። ስካነሩ ጥቂት እንደሄደ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቆመ፣ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤትም ፀጥ አለ። ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ እሺ፣ ስካነሩ ግን ያለ ሶኬት አይሠራም። ከክዳኑ ሥር ያለው ብርሃን መሄዱን ቀጠለ። የጨርቁ ድምፅ መጣ፣ አሁን ቅርብ ነው፣ ከእሱ ጋር ቀዝቃዛ አየር፣ የተራራ አየር።

ስክሪኑ ላይ ምስሉ መስመር በመስመር ሲመጣ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን አፋቸው ላይ ሲያደርጉ አየሁ፣ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግን ፍርሃቱ ብቻ አልነበረም። ሰው ሚስቱን ሲያገኝ አጠገቡ ቆሞ ማየት ነውር መሰለኝ።

"ሳሮ" ሲሉ ሰማሁ፣ በጋሞኛ ሰላም ማለታቸው ነው፣ አንድ ሰው ከበር ሲገባ እንደሚባለው፣ በዝግታ። ከዚያ "ይበቃል ልጄ፣ አሁን ይጨልም" አሉ።

ዓይኔን ስገልጥ ስክሪኑ ላይ ከስካነሩ ጋር ግንኙነት ተቋርጧል የሚል መልእክት ብቻ ነበር። ምንም ፋይል አልተቀመጠም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አሉ፣ ዛሬም አሉ፣ አራተኛው ግን የለም። ምን እንዳዩ አልጠየቅኳቸውም፣ ፊታቸውን አይቶ መጠየቅ የሚችል ሰው ካለ እሱ ይጠይቅ።

ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው ልመልስ ስል ልማድ ሆኖብኝ መስኮት ላይ ከፍ አደረግኩት። ጣቶቹ አልነበሩም። ሳልነግራቸው ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ ከደንኩት።

ጋሽ ዘለቀ ብዙም ሳይቆዩ ጨርሶ ማየት አቆሙ። ደስተኛ ናቸው፣ ልጠይቃቸው ስሄድ በር ላይ ሆነው በአረማመዴ ያውቁኛል። ለመጣ ሰው ሁሉ ፊልሙን አውጥተው ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ "ዳሩን ተመልከት፣ የአማረች ጣቶች ናቸው" ይላሉ፣ ሰውም ፊልሙን አይቶ ወደ እኔ ዞር ይላል። እኔንም ይጠይቁኛል።

"ይታያሉ አይደል?"

"አዎ ጋሼ፣ ይታያሉ።"

ከዚህ ውሸት በላይ ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ፊልሙን ባነሱት ቁጥር አየዋለሁ፣ አባያ አለ፣ ደሴቶቹ አሉ፣ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው እጀታም አለ። የያዘው ማንም የለም። ጃንጥላው ግን አልወደቀም።