ማን መታሽ?

ወንድሟ ከሚሠራበት ጋራዥ ተባረረ። እህቱን ይደበድባል ተብሎ።

አንድ ቀን እንኳን እጁን አንስቶባት አያውቅም። የሆነው ይሄ ነው። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ጋ ሲደርሱ ነሰራት። ወንድሟ እንደለመደው በአንድ እጁ ማጅራቷን ይዞ ወደ ፊት አጎነበሳት፣ በሌላው አፍንጫዋን ጨምቆ ያዘ። ደሙ ሸሚዟ ላይ ወረደ። «ዝም በይ አልኩሽ» አላት ጮክ ብሎ፤ እየነሰራትም ወሬ አታቆምም። ከመንገዱ ማዶ የነበሩት ዳይሬክተሯ ያዩት ግን ሌላ ነው። አንድ ጎረምሳ ልጅቷን አንገቷን ይዞ፣ ፊቷን ደም በደም አድርጎ፣ ዝም በይ ሲላት።

ኮሪደር ላይ አስቁመው ክንዷን አዩ። በልዟል። እዚህ ጋ ሰማያዊ፣ እዚያ ጋ ቢጫ።

«ማን መታሽ?»

«ወደቅኩ።»

ወደቅኩ በይ ያለቻት እናቷ ናት። ሰው ግን ይህን ያህል አይወድቅም።

የጋራዡ ባለቤት ልጅ የክፍሏ ልጅ ናት፤ አጠገባቸው ቆማ ትሰማ ነበር። ወሬው ከእራት በፊት ቤቷ ገባ። በማግስቱ አባትየው «እህቱን የሚመታ እጅ እኔ ጋ መፍቻ አይዝም» ብሎ ወንድሟን አሰናበተው።

ነገሩ ደሟ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው፣ ፕሌትሌት የሚሉት፣ እሷ ጋ በጣም ትንሽ ነው። የገዛ ሰውነቷ ያጠፋዋል። የዴስክ ጠርዝ ከነካት ይበልዛል፤ የቦርሳ ማንገቻ ትከሻዋን ያጠቁረዋል፤ ቦርሳዋን ወንድሟ የሚሸከመው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ፊቷን ስለነፋው ክፍል ውስጥ «ፊኛ» ይሏታል። ሐኪሟ አይጋባም፣ የእሷው በዘርም የመጣ አይደለም ብላ ደጋግማ አስረድታለች። እናቷ ራሷን እየነቀነቀች ሰምታ፣ ገና ከክሊኒኩ ሳይወጡ «ማንም እንዳይሰማ» አለች። ትልቋ እህቷ ታጭታለች።

«የደም በሽታ ከተባለ አማቾቿ ሐኪም አይጠይቁም» አለች እናቷ ወንድሟ የተባረረ ዕለት ማታ። «ዘራቸው ነው ይላሉ፣ አለቀ። ሠርጉ ይለፍና እንናገራለን።»

ወንድሟ የጋራዡን ግራሶ ከጥፍሩ ሥር እየፈገፈገ ነበር። «እኔ ደብዳቢ» አለ። «በረሮ ሳይ አልጋ ላይ የምወጣው ሰውዬ።»

«ለጋራዡ ባለቤት ለምን አልነገርከውም?» አለችው ልጅቷ።

«እማዬ አስምላኛለች። አንቺንስ?»

«እኔንም።»

«እንግዲያው አፍሽን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ፊኛዬ።»

ትልቋ እህቷ የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

«አንቺስ ምንም አትይም?» አለቻት።

«እሱ ወንድ ነው» አለች እህቷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ይረሳለታል።»

ወንድሟ እጁን መፈግፈጉን ቀጠለ፤ እጁ ከነጣ ቆይቷል።

ሐሙስ ዳይሬክተሯ ቢሮ አስጠሯት። መስኮቱ በሩን ያሳያል። ወንድሟ ቦርሳዋን እንዳነገተ ውጭ ቆሟል፤ ጥበቃው ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ወንድሟ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ዘረጋለት። ከነሰራት ስጥልኝ ማለቱ ነው። ጥበቃው አልተቀበለም።

«አትፍሪ የኔ ልጅ» አሉ ዳይሬክተሯ። «ከእንግዲህ በዚህ በር አያልፍም።»

«አልመታኝም። በሽታ ነው። የደም።»

ነገረቻቸው። ሰሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናትሽን ጠርቼ አረጋግጣለሁ። ከሆነም አይዞሽ፣ ከዚህ ቢሮ አይወጣም። በእኔና በአንቺ መሃል ይቀራል።»

«ጋራዡስ?»

«እሱማ…» አሉ። «ምስጢር ከሆነ ለባለቤቱ ምን እላለሁ?»

ውጭ፣ ወንድሟ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ልሂድ?» አለች።

ክፍል ገባች። ቀጥ ብላ የጋራዡ ባለቤት ልጅ ዴስክ ጋ ሄደች። ሁለቱንም እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና ክንዶቿን ደብተሯ ላይ ዘረጋችላት።

«በደንብ እዪና ስሚኝ» አለቻት። «ዛሬም ለአባትሽ የምትነግሪው አለ።»