ቦቃ ፀጉሩን ሲጥል

አባባ ያሕያ እጃቸውን በበጉ ጀርባ ላይ አሳለፉና ቀና አሉ። መዳፋቸው ፀጉር በፀጉር ሆኗል።

«ሱብሃነላህ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

የልጅ ልጃቸው ዙልፋ በረቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ልቧ ድው አለ። ቦቃ ግን ምን ቸገረው፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያመነዥካል። ቦቃ ያሉት ግንባሩ ላይ ባለችው ነጭ ምልክት ነው። አባባ ለዐረፋ መሥዋዕት ሊያርዱት የነየቱት በግ ነው። አምና ታመው ኡዱሂያ ሳያርዱ ስላለፋቸው፣ ዘንድሮ ገና ጠቦት ሳለ መርጠው «ይሄን አንቺ ቀልቢልኝ» ብለው ለዙልፋ ሰጧት። ዐረፋ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የታመመ በግ ደግሞ ለኡዱሂያ አይሆንም።

የአባባ ዓይን ቢደክምም እጃቸው አይሳሳትም። ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሁሉ «እስቲ አንዴ ይዳስሱልኝ» ብሎ ይጠራቸዋል። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን አድርገው ድርቆሽ ብቻ የበላውን ቅጠል ከቀመሰው ይለያሉ። ዛሬ ግን ዳሰሱ፣ ዳሰሱና ግራ ገባቸው።

«ሙጂብ! ና እስቲ!»

ሙጂብ የዙልፋ ታላቅ ወንድም ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ባለፈው ሳምንት በጎቹን በሙሉ በመዥገር መድኃኒት ያጠባቸው እሱ ነበር።

«መድኃኒቱን እንዴት አድርገህ ነው የበጠበጥከው?»

«ልክ እንደተጻፈው ነው አባባ፣ ወላሂ!»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» መዳፋቸውን ዘረጉለት። «በቃ! ነገ አጎትህ አብዱልሃዲ መጥቶ በጎቹን ይረከብሃል። ከእንግዲህ እንስሳ እንዳትነካብኝ።»

  የሙጂብ እንባ ቅርር ሲል ዙልፋ አየችና ፊቷን አዞረች።

እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ከጓሮ ቅጠሉ ለመኖ የሚሆን ሉኪኒያ የሚባል ዛፍ አለ። አባባ የሚያውቁት የግራርና የቁርቁራ ቅጠል ነው፤ ይሄኛው እንግዳ ነው። ችግኙን ያደሏቸው የግብርና ባለሙያዋ እትዬ ብዙነሽ፣ አባባ አምና ታመው ተኝተው ስለነበር ነገሩን ለዙልፋ ነበር ያስረዷት። «ሦስት እጅ ድርቆሽ፣ አንድ እጅ ቅጠል። ድርቆሹ ሆዱን ያስይዘዋል፣ ቅጠሉ ሥጋ ይሆነዋል። ቅጠሉን ብቻውን ከሰጠሽው ግን ፀጉሩን ያረግፍብሻል፣ እንዳትሳሳቺ!»

ሁለት ወር ሙሉ እንደተባለችው አደረገች። በድርቆሽ ብቻ ከርሞ ጎድኑ ይቆጠር የነበረ በግ አማረበት፤ ፀጉሩ ቅቤ የተቀባ መሰለ። ያኔ ነው ጉጉቱ የያዛት። አንድ እጁ እንዲህ ካደረገው፣ አራቱም እጅ ቅጠል ቢሆንስ? ድርቆሹን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ሦስት ሳምንት ቅጠል ብቻ! የእትዬ ብዙነሽን ቃል ረስታው እኮ አይደለም። የእኔን ቦቃ ምን ይነካዋል ብላ ነው፣ ወይ ጉድ!

ያኑ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለጓደኛዋ ለሰላማዊት ሹክ አለቻት።

«እና ምን ታካብጂያለሽ?» አለች ሰላማዊት፣ ማንጎዋን እየመጠጠች። «ቀስ ብለሽ ድርቆሹን ትመልሺለታለሽ፣ ፀጉሩ ይበቅላል። ማን ያውቃል? ላሽ በይ!»

«ሙጂብስ?»

«ይረሳዋል ባክሽ። አባባ ፊት ቆመሽ እኔ ነኝ ልትዪ? አቦ አትቀልጂ!»

ደስ የሚል ምክር ነበር። ዙልፋ ግን እስከ ቀትር መምህሩ የሚሉት ሁሉ ከሩቅ እየተሰማት ቆየች።

ስትመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከግቢው ማንጎ ጥላ ሥር፣ ከድርቆሹ ክምር ላይ ጋደም አለች። የሮቢት ሙቀት ሲበረታ ከተማው ጭር ይላል፤ አስፋልቱ ላይ የባጃጅ ድምፅ እንኳ የለም። ድርቆሹ ሞቅ ብሎ ይሸታል። ዓይኗ ከበደ።

ቦቃን አየችው። ከመወፈሩ ብዛት ቀልሎ፣ እግሩ መሬት ሳይነካ በሽንኩርቱና በማሾው ማሳ ላይ ያዘግማል። ፀጉሩ ቀስ እያለ ይረግፋል፤ ቆርቆሮው ላይ፣ ወንዙ አሸዋ ላይ፣ ወደ ደሴ በሚወጡት አውቶቡሶች ላይ። ማንም አልተቆጣም። ሰዉ ትከሻውን አራግፎ ያልፋል። ሙጂብ ብቻ አጎንብሶ አንድ በአንድ ይለቅማል።

«ተወው ሙጂቤ፣ አያልቅም!»

«አንዷ ከጎደለች በእኔ ነው የሚላከከው» አላት፣ ቀና ሳይል።

ልትነግረው ፈለገች። አፏ ግን በፀጉር ተሞልቶ ነበር።

ብንን ስትል ጥላው ዞሯል። ሙጂብ በረቱ በር ላይ ተቀምጦ ባዶውን የመድኃኒት ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አዙሮ ያነባል። ለስንተኛ ጊዜ እንደሚያነበው እንጃ።

«ዙልፊ፣ ያን ቀን የቀዳሽልኝ ውሃ አስር ሊትር ነበር አይደል?»

«አስር ነው።»

«አይ… እኔ ነኝ የሳትኩት ማለት ነው። አባባ እውነታቸውን ነው። በግ ማጠብ ያቃተው ሰው ነው ሐኪም የሚሆነው?» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

 ይረሳዋል አይደል ያለችው ሰላማዊት? ይሄ የሚረሳ ልጅ አይደለም። ይሄ በራሱ ላይ እየፈረደ ነው።

ዙልፋ ተነሳች። ቀሚሷ ላይ የተሰካውን ድርቆሽ እንኳ አላራገፈችም። አባባ ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። እግራቸውን ታጥበው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚህ በኋላ ቦቃን ሊነጥቋት ይችላሉ። ዳግመኛም ላያምኗት ይችላሉ። 

«አባባ፣ አጎቴ ነገ አይምጣ።»

«ምነው ልጄ?»

«የምነግርዎት ነገር አለ።»

አባባ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አበስ አድርገው ወደ ድምፅዋ ዞሩ። ዙልፋ አፏን ልትከፍት ስትል አንገቷን ወደ በረቱ መለሰች።

«ሙጂቤ!» ብላ ጮኸች። «ያን ጠርሙስ ጣለውና ና! አንተም ብትሰማው ይሻላል።»