ሶላሩን ሊጠይቁ መጡ

«ተበላሽቷል» አለች ኢማን።

ከጠዋት ጀምሮ ለመጣ ሁሉ ይህንኑ ስትል ስለዋለች ቃሉ አፏ ውስጥ አርጅቷል። አሁን በር ላይ የቆመችው ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ዓፊያ ናት፤ የራሷንና የእናቷን ስልክ ከነቻርጀራቸው ይዛለች።

«ምኑ?»

«ሶላሩ።»

«ትናንት ሲሠራ አልነበር እንዴ? አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ!»

«ወላሂ...» ብላ ጀመረችና መሐላውን መልሳ ዋጠችው። በረመዳን፣ ያውም በጾም አፍ፣ እስከዚያ ድረስ መሄድ አልቻለችም። «በቃ ተበላሽቷል አልኩሽ!»

ዓፊያ ቀና ብላ ቆርቆሮው ላይ የተንጋለሉትን ሁለት ሰሌዳዎች አየች። «ውይ! እማዬ ስትሰማ እንዴት ታዝናለች!» ብላ ተመለሰች። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ኢማን በሩን ገርበብ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። ከጾሙ ይልቅ ውሸቱ አድክሟት ነበር።

ሰፈሩ ከሚሴ ዳር ላይ ያለ አዲስ ሰፈር ነው። የመብራት ምሰሶ ተተክሎለታል፤ ሽቦው ግን ዛሬ ነገ ሲባል ዓመት አልፎታል። የኢማን እናት ዘይና ከጅዳ ስትመለስ፣ ሌሎቹ ሱቅ ሲከፍቱ እሷ ሁለት የሶላር ሰሌዳ፣ አንድ ትልቅ ባትሪና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ባለ ሦስት እግር ሞተር ገዛች። ሞተሯ ቤንዚን አትጠጣም፤ ድምፅም የላትም። ሰፈርተኛው «ዝምተኛዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ዘይና በየቀኑ ከሱሑር በኋላ በዝምተኛዋ ወደ ጨፋ ሜዳ ወርዳ ከአርቢዎቹ ወተት ትሰበስብና ከተማ ላሉት ሻይ ቤቶች ታደርሳለች። ከዚያ ዝምተኛዋ በረንዳው ላይ ተሰክታ እስኪመሽ ፀሐይ ትመገባለች። «አገር ሁሉ ሲጾም ይቺ ብቻ ቀን ቀን ትበላለች» እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁባት ነበር።

ችግሩ ዝምተኛዋ የምትበላው ለብቻዋ አለመሆኑ ነው። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ እነ ኢማን ቤት ይሰካል። ስልክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንዱ ስፒከሩን፣ ሌላው ቴሌቪዥን የሚያይበትን ባትሪ ያመጣል፤ ለሱሑር ሰው የሚቀሰቅሰው ሙሄም ድምፅ ማጉያውን ይዞ ይመጣል። ዘይና ለማንም እንቢ ብላ አታውቅም። ሰሞኑን ደግሞ ሰማዩ ደመና ለብሶ ሰነበተ። ረቡዕ ዕለት ዝምተኛዋ ከጨፋ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። ዘይና በጾም አፏ፣ በዚያ ወበቅ፣ ወተቱን እንደጫነች እየገፋች መጣች። ከተማ ስትደርስ ወተቱ ተበላሽቶ ነበር፤ መንገድ ዳር ደፋችው።

ቤት ገብታ ሻሿን እንኳ ሳትፈታ ሰሌን ላይ ተዘረጋች። «ከነገ ጀምሮ ስልክ ይዞ የመጣውን ሁሉ ‹ሶላሩ ተበላሽቷል› በይው» አለች።

«እውነቱን ብንነግራቸውስ፣ እማ?»

«ምን ብዬ? በረመዳን ጎረቤቷን ከለከለች ልባል? ደግሞም ሌላ ቀን ወተቱን ካላደረስኩ ሻይ ቤቶቹ ሌላ ሰው ነው የሚይዙት፤ ነግረውኛል። ከዒድ በኋላ ‹ተሠራ› እንላለን።»

ኢማን የእናቷን መዳፎች አየች። ውኃ ቋጥረው ነበር። 

ውሸት ግን ለብቻው አይኖርም፤ ቤተሰብ ያፈራል። ሐሙስ ማታ መግሪብ አዛን ሲል ኢማን እንደ ልማዷ አምፖሉን ልታበራ እጇን ዘረጋች።

«ተይ! ሰው ያያል!» አለች ዘይና።

እውነትም፣ ሶላሩ የተበላሸበት ቤት መብራት ከየት ያመጣል? ቴምሩን በዳሰሳ አገኙት። ኢማን የውኃውን ጆግ ገለበጠችው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ቆይቶ ግን ሳቁ አለቀ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ ደብተሯ እግሯ ሥር ነው፤ አንዲት ፊደል እንኳ አይታያትም።

ዝምተኛዋም ተደበቀች። ቀን ቀን ሸራ ለብሳ፣ ገመዷ ከሸራው ሥር ተሸጉጦ ትበላለች፤ ንጋት ላይ ማንም ሳይሰማ ትወጣለች። ድምፅ የሌላት መሆኗ ለውሸት እንዲህ ይመቻል ብሎ ማን አሰበ? ወተቱ በምን መጣ ላለም «በባጃጅ» የሚል ሌላ ውሸት ተዘጋጅቶለታል።

ለአርብ አጥቢያ ለሱሑር የቀሰቀሳቸው ድምፅ ማጉያው አልነበረም። ሙሄ ባዶ ጀሪካን እየደበደበ፣ በተሰነጠቀ ጉሮሮ «ተነሱ! ሱሑር!» እያለ በየደጁ ይዞራል። ኢማን ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው።

ከጁምዓ በኋላ ጎረቤቶቹ ሶላሩን ሊጠይቁ መጡ። ልክ እንደ በሽተኛ! «አብሽሪ ዘይና፣ አላህ የተሻለውን ይተካል» ይላሉ ሴቶቹ። የዓፊያ እናት «ወተቱም በባጃጅ ሆኖባት» ብላ ለማፍጠሪያ ሾርባ ላከች። ሙሄ ድምፁ ጨርሶ ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ፣ «ኮምቦልቻ አንድ የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ልደውልለት ብዬ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋብኝ» አለ። ዘይና መሬት መሬት እያየች ለሁሉም «አላህ ይስጥልኝ» ትላለች። ኢማን እፍረቱ ጆሮዋን አቃጠላት።

ማታ የመግሪብ አዛን ካበቃ በኋላ ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት አሮጊት፣ እማማ ፋጡሜ፣ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ። ሐሙስ ጠዋት ስልካቸውን ይዘው መጥተው ኢማን የመለሰቻቸው እሳቸው ናቸው። ያኔ «እሺ፣ ኢንተላ ቲያ» ነበር ያሉት፤ «እሺ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው።

«አካም ኦልተን? እንዴት ዋላችሁ?» አሉና በጨለማው ውስጥ ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አውጥተው ኢማን እጅ ላይ አኖሩ። በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ ፋኖስ ናት። ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትሰጣ ስለዋለች አሁንም ትሞቃለች። «ልጄ አብዱሰላም የላከልኝ ናት። ስልክ አትሞላም፣ ለማንበብ ግን ትበቃለች። ልጅቱ ፈተና አለባት ብዬ ነው።»

«እርስዎስ፣ እማማ?» አለች ኢማን።

«እኔማ ሶላቴን በጨለማም አውቀዋለሁ።» ቁጭ ለማለት ግድግዳውን ዳበሱ። «ዛሬ ጁምዓ አይደል፣ አብዱሰላም ከጅዳ ይደውላል። ስልኬ ዝግ ሲሆንበት ‹እናቴ ታማ ነው› ብሎ እንቅልፍ እንዳያጣ እንጂ እኔስ ምንም አልጎደለብኝ።»

ወቀሳ አልነበረበትም። ወቀሳ ቢኖርበት ኢማን በቻለችው።

ወደ እናቷ ዞረች። ከዘይና የሚታየው የሻሿ ንጣት ብቻ ነው።  አምፖሉ ከበራ ነገ በረንዳው በስልክ ይሞላል፤ ዝምተኛዋ ትራባለች፤ ወተቱ ዳገት ላይ ይቀራል። ኢማን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ፋኖሷን መልሳ እማማ ፋጡሜ ጭን ላይ አስቀመጠችና ተነሥታ ግድግዳውን ዳበሰች።

«ኢማን» አለች ዘይና። ተይም አላለችም፣ አብሪም አላለችም።

ኢማን ማብሪያውን ተጫነችው።

ቤቱ ቦግ አለ። ቴምሩ፣ የጎረቤት ሾርባ፣ በመዳፏ አፏን የያዘችው ዘይና፣ በተከፈተው በር በኩል ከሸራው ሥር የወጣው ገመድ፣ ሁሉም ታየ። እማማ ፋጡሜ ዓይናቸውን እያርገበገቡ አምፖሉን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ ከዚያ ዘይናን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት።  ከጉያቸው ትንሿን ስልካቸውን አውጥተው ለኢማን ሰጧት።

ስልኩን ስትሰካው ከውጭ የዓፊያ ድምፅ ተሰማ። «እማዬ! የእነ ኢማን ሶላር ተሻለው! በርቷል!» ከየደጁ «አልሐምዱሊላህ!» የሚል ተከተለ፤ ሙሄም እንኳ በዚያ ጉሮሮው እልል ለማለት ሞከረ። የእግር ኮቴ ወደ በሩ እየሮጠ መጣ።

ዘይና ወደ ልጇ ጠጋ አለች። «‹ተሠራ› በያት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ትእዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር። «በቃ፣ ተሠራ ማለት ነው። በዚሁ ያልቃል።»

በእርግጥም ያልቅ ነበር። እማማ ፋጡሜም የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

ኢማን የእናቷን እጅ ያዘች፤ ውኃ የቋጠረው እየደረቀ ሻክሯል። «ሞተሯ ዳገቱ ላይ ከቆመች አብሬሽ እገፋለሁ» አለቻት።

ከዚያ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘችና ወጣች። ዓፊያ ሁለቱን ስልኮች ከፍ አድርጋ ይዛ እየሳቀች ደጁ ላይ ደረሰች።

«ዓፊያ» አለች ኢማን፣ «አልተበላሸም ነበር።»