የሸራው አራተኛ ጫፍ

ተፈራ ሞቶ የተገኘው አምስት ወር ሙሉ ሲጠብቀው በከረመው የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ ከሸራው ሥር ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል።

ጦርነቱ ወልድያን ከለቀቀ ገና ወሩ ነው። ሳጅን ሲቲ ስትደርስ የሰፈሩ ጎረምሶች የፓምፕ ሠራተኛውን ሸሻይን የኋሊት አስረውታል።

«ዘሩን ታውቂዋለሽ» አሏት። «ውሃችንን ሊመርዝ ሲል ተፈራ ደረሰበት።»

«ማን አየ?»

ማንም አላየም።

«እስከ ቀትር እንጠብቅሻለን» አላት አንዱ። «ከዚያ ወዲያ የኛ ነው።»

ሲመሽ የሚቆለፈው የግቢው በር ቁልፍ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ዘንድ አለ፦ ሸሻይ፣ የጽዳት ኃላፊዋ ልዕልት፣ የሆቴሉ ባለቤት አቶ ደሞዜ። ደሞዜ ከነሐሴ ጀምሮ አዲስ አበባ ከርመው፣ ዛሬ ጧት ከደሴ በሚኒባስ እንደገቡ ይናገራሉ።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?» አለችው ሸሻይን።

«ፓምፑን ፈትቼ ሳጸዳ።»

«ምስክር?»

«ፓምፑ።»

ልዕልት እያለቀሰች ነገረቻት። «ጀሪካኔን ይዤ መጣሁ። አራቱንም ገመድ ፈትቼ ሸራውን ስገልጥ እግሩን አየሁ።»

«አራቱንም?»

«አራቱንም። ጥብቅ ብሎ ታስሮ።»

ሲቲ ገንዳውን ዞረች። ሸራው የሚታሰርባቸው የብረት ቀለበቶች አራት ናቸው። ሦስቱ በገመድ ተፍቀው ያበራሉ። በማድ ቤቱ በኩል ያለው ዝጓል፤ ዝገቱ ላይ አንድ አዲስ ጭረት አለ። ሥሩ መሬቱ በእግር ብዛት ጭቃ ሆኗል።

ሦስቱን ባለ ቁልፎች በየተራ ጠራች፤ አንዱ ሲወጣ ሌሎቹ አዳራሽ ጠበቁ። «ሸራውን እንደ ወትሮው አልብሱልኝ።» ልዕልት ሦስት ጫፍ አሰረች። ሸሻይም ሦስት። ደሞዜ አራቱንም አሰሩና እጃቸውን አራገፉ።

«ገንዳ እንዲህ ነው የሚከደን። አቧራ እንዳይገባ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ሰበሰበች። ጎረምሶቹ ሸሻይን መልሰው አስረውታል።

«ቧንቧው ከተቋረጠ ጀምሮ ሰፈሩ የሚጠጣው ይህንን ነው» አለች። «ተፈራ ፀሐይ እንዳያበላሸው ሦስቱን ጫፍ ያስራል፤ የማድ ቤቱን ለውሃ ቀጂ ይተዋል። እዚህ የከረመ ሰው አራተኛውን አያስርም። ትናንት የታሰረው ግን በድሮው ወግ ነው።»

«እኔ ዛሬ ነው የገባሁ!» አሉ ደሞዜ።

«ባልደረባዬን ልኬ መናኸሪያ አስጠይቄያለሁ። በደሴ መንገድ ውርጌሳ ያለው ኬላ ዛሬ ገና አልተከፈተም። ከደሴ የገባ መኪና የለም። አንቱ በየት መጡ?»

ደሞዜ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ።

«ሆቴሉን ልከፍት ነው፣ የገንዳውን ማጽጃ ኬሚካል አብዝተህ ጨምርበት አልሁት። ‹ሰው ይጠጣዋል› ብሎ እጄን ያዘኝ። ገፈተርሁት። ሲሚንቶው…»

ሲቲ ደሞዜን ለባልደረባዋ አስረክባ የሸሻይን ገመድ ፈታች።

«ቤትህ ግባ።»

ሸሻይ ወደ በሩ አየ። ጎረምሶቹ ከበሩ ላይ አልተነሡም። ይቅርታ ያለም የለም።

«በየት በኩል፣ እህቴ?»

«ከኋላዬ አትራቅ» አለችውና ቀድማ ወጣች።