የአጎት ሩዲ ጉልበት

«እጅህን!» አለ ሩዲ፣ በረጅሙ የብረት መቆንጠጫ የኤሚትን ጣቶች ቸብ እያደረገ። «ቋሊማው ገና ነው። ጥሬ የሚበላ ተኩላ ነው። አንተ ደግሞ ተኩላ ለመሆን ጢምህ እንኳ አልበቀለም።»

ኤሚት እጁን እያሻሸ ወደ ኋላ አለ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በቁመት አባቱን ጥሎት ሄዷል። ግን ምን ያደርጋል? በዚህ ቤተሰብ መቆንጠጫውን የያዘ አዛዥ ነው። ሽንኩርት ክተፍ ካለ ይከተፋል፣ ከሰል አምጣ ካለ ይመጣል። አባት ነኝ፣ እናት ነኝ፣ ታላቅ ነኝ ብሎ ክርክር የለም። መቆንጠጫው ደግሞ ዊላ እስከምታስታውሰው ድረስ ከአጎቷ ከሩዲ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

ዊላ የኤሚት ታናሽ እህት ናት፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በተሳቢው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ በቀይ ሹራቧ ላይ ቀይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ወንድሟ ሲቀጣ እያየች ከት ብላ ሳቀች። ዛሬ ሁሉም ነገር ያስቃት ነበር።

ተሳቢው ቤት የሩዲ ነው። ሩዲ የአባቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሚስትም ልጅም የለውም፤ ክረምቱን ሙሉ የአውራጃውን መንገድ ከበረዶ የሚጠርግ መኪና ሲነዳ ይከርማል። ያለው ንብረት አንድ አሮጌ ፒክአፕና ከፒክአፑም የባሰ ያረጀ፣ ከኋላ የሚጎተት ቤት ነው። የቤቱ በር በእርግጫ ካልተመታ አይከፈትም፤ ጠረጴዛው ሲታጠፍ አልጋ ይሆናል፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ከአልጋው በላይ ድስት መስቀል ግድ ነው። የከሰል ምድጃውን የሠሩት የዊላ አያት ናቸው። በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው፣ የሚታጠፍ እግር በይደውለት፣ «በሉ፣ ይሄ ከኔም በላይ ዕድሜ አለው» አሉ። እውነትም አያቷ ሞቱ፣ ምድጃው ቀረ። ሐይቅ ዳር፣ ጫካ ውስጥ፣ በየመንገዱ ጠርዝ፣ እሳት ያልተነሳበት ቦታ የለም።

ዛሬ ዶሮ ሳይጮህ ተነስተው ከሰሜን ዊስኮንሲን እየጎተቱት መጡ። ከስታዲየሙ ፊት ያለው ሰፊ ሜዳ ገና በጠዋቱ በመኪናና በተሳቢ ቤት ጢም ብሏል። ልጆች የአሜሪካ እግር ኳስ የሚጫወቱበትን ሞላላ ኳስ ይወራወራሉ፣ ከየመኪናው የተለያየ ሙዚቃ ይጮሃል፣ በቢራና በሽንኩርት ተቀቅሎ ፍም ላይ የሚገላበጠው ቋሊማ ሽታ ደግሞ የጠገበን ሰው ያስርባል። የዛሬዎቹ ተጋጣሚዎች ከወንዝ ማዶ የመጡት ሚኒሶታዎች ናቸው። እነሱ እዚህ የሚመጡት በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ዊላ ይህን ቀን ከበጋው ጀምራ ስታልም ነው የከረመችው። ጓደኛዋ ብሪንም ከእነሱ ወንበር ሁለት ረድፍ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ አብረን ጮኸን ጮኸን ድምፃችን ካልተዘጋ ወደ ቤት አንመለስም ተባብለዋል።

ሚኒሶታዎችን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። አቶ ሃልቮርሰን ከሚስታቸው ከወይዘሮ ኢንግሪድ ጋር አጠገባቸው ሰፍረዋል። ዘንድሮ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ተሳቢ ቤትና የጋዝ ምድጃ ገዝተው መጥተዋል።

«ሃልቮርሰን!» ጮኸ ሩዲ። «ያ ምድጃህ ቋሊማ ይጠብሳል ወይስ ወደ ጨረቃ ይተኮሳል?»

«ቢያንስ የኔ እንግዳውን ዝገት አያበላም!»

«ዝገት ለደም ጥሩ ነው! ደግሞ ውሉን እንዳትረሳ። የተሸነፈ ድስት ያጥባል።»

«ሳሙናህን አዘጋጅ፣ ሩዲ። ሳሙናህን አዘጋጅ!»

የጨዋታው ሰዓት ሲቃረብ የዊላ አባትና እናት ከኤሚት ጋር የማርሽ ባንዱን ለማየት ቀደም ብለው ተነሱ። ዊላ ብሪንን በሩ ላይ ስለምታገኛት ትንሽ ቆይታ ልትከተላቸው ተስማሙ። እናቷ ካሪን ጓንቷን እያጠለቀች እንደ ልማዷ ዞር አለች።

«ሩዲ፣ ብቻህን አይደብርህም?»

«ኧረ በይ ሂጂ! ያን ሁሉ ደረጃ በዚህ ጉልበት?» ሩዲ ግራ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «ደግሞ ይህን ሁሉ ፍም ለማን ጥዬ? ሬዲዮዬ ይበቃኛል።»

በየዓመቱ የሚለው ይህንኑ ነው። በየዓመቱም ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውም።

ዊላ የመጨረሻውን ቋሊማዋን በሰናፍጭ እየነከረች ሳለ ነፋሱ ተነሳ። የኅዳር ነፋስ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። የነሃልቮርሰን ድንኳን እግሮቹ በድንጋይም በካስማም አልተያዙም ነበርና አንዴ እንደ ሸራ ተነፋና ከነብረቱ ብድግ አለ። «ድንኳኑ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ኢንግሪድ። ድንኳኑ አንድ መኪና ዘለለ፣ ወንበር ገለበጠ፣ ከዚያም በቀጥታ ሕፃናት ከበው እጃቸውን ወደሚያሞቁበት እሳት እየተንከባለለ ሄደ።

ሩዲ ተፈተለከ። ምን እንደ ሰው ሮጠ ይባላል! የበረዶ ሣጥን ዘለለ፣ በሁለት መኪና መሃል ሾልኮ ወጣ፣ አንድ ሰውዬ «እንዴ!» ብሎ ሳይጨርስ በራሱ ላይ አለፈ ማለት ይቻላል። ድንኳኑን እሳቱ ዘንድ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ዘሎ ተከመረበት። ሜዳው በሙሉ አጨበጨበ። ቀዩን የዊስኮንሲን ማልያ የለበሰም፣ የሚኒሶታን የለበሰም።

ዊላ አፏን ከፍታ ቀረች። ቋሊማዋ ከነሰናፍጩ ጫማዋ ላይ ወድቋል።

ሩዲ ድንኳኑን እየጎተተ ሲመለስ ዓይኗን አየ። ወዲያው ማነከስ ጀመረ።

በቀኝ እግሩ።

«አጎቴ፣» አለች ዊላ ቀስ ብላ፣ «የሚያምህ ግራው አልነበረም?»

«እ? አዎ… በነፋስ ጊዜ ይዛወራል።» ጉሮሮውን ጠረገና መቆንጠጫውን አንስቶ ፍሙን መቆስቆስ ጀመረ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሩዲ ውሸት ስምንት ዓመት ተጉዞ በዚያች ሩጫ አለቀ። ዊላ የረሳችው ነገር ቀስ በቀስ መጣላት። አያቷ በየዓመቱ ቲኬት የሚገዙላቸው አራት የስታዲየም ወንበሮች ነበሩ፤ አያቷ፣ አባቷ፣ እናቷና ሩዲ ይቀመጡባቸው ነበር። አያቷ ሲሞቱ የሳቸው ለኤሚት ተሰጠ። እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ልክ እዚህ ደረጃ ላይ፣ «እኔስ? እኔስ?» እያለች ሜዳው እስኪሰማ አለቀሰች። ያኔ ነው ሩዲ ጉልበቱን ይዞ «ወይኔ!» ያለው። ያኔ ነው ቲኬቱን አንገቷ ላይ አንጠልጥሎ «አንቺ ብትሄጂልኝ ምን አለበት?» ያላት። እሷም ውለታ የዋለችለት መስሏት ደረቷን ነፍታ ሄደች። ካንጀቷ አፈረች፤ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች።

ከስታዲየሙ የባንዱ ድምፅ መጣ። ሩዲ ኮፍያውን አወለቀና ወደዚያ ዞረ። ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ አንዲትም ቃል አላመለጠችውም። በየዓመቱ እንዲህ ሲቆም እሷ ውስጥ ነበረች፤ አይታው አታውቅም።

ስልኳ ነዘረ። ብሪን ናት፦ «የት ገባሽ? በሩ ላይ ነኝ! ቶሎ በያ!»

ዊላ ስልኩን አየችው። ቲኬቷ ያለው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። አሁን ብትሮጥ ትደርሳለች። ካልሄደች ደግሞ ሚኒሶታዎች ተመልሰው እዚህ እስኪመጡ አሥራ ስድስት ዓመት ይሞላታል። ሄዳ ነገ ብታመሰግነውስ? ነገ መኪና ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ በደንብ አድርጋ… ግን በምን አፍ ነው የምታመሰግነው?

ብድግ አለችና ከአጎቷ እጅ መቆንጠጫውን ላፍ አደረገች።

«አንቺ! ምን ሆንሽ?»

«አሁን አዛዡ ማነው?»

«ዊላ፣ ቀልድ አይደለም፣ ፍሙ…»

«ማነው አዛዡ?»

ሩዲ ባዶ እጁን አየ። ሕጉን ያወጡት አባቱ፣ ያስከበረው ደግሞ ራሱ ነው። «አንቺ ነሽ፣» አለ ሳይወድ።

«እንግዲያው ሂድ ግባ።» ስልኳን ከፍታ ቲኬቱን አወጣችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «በሩ ላይ ላለው ሰው ይህን አሳየው። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

«ልጄ፣ አይሆንም። አንቺ ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ ጠብቀሽዋል!»

«አንተስ?»

ለዚህ ጥያቄ ሩዲ ያዘጋጀው ጉልበት አልነበረውም።

ወይዘሮ ኢንግሪድ ሹራብ መሥሪያቸውን ይዘው ከወዲያ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እሳቸው ለኳስም ለብርድም ፍቅር የላቸውም፤ ሁሌም ተሳቢው ቤት በር ላይ ነው የሚቀመጡት። «ሂድ፣ ሩዲ፤ እኔ አለሁላት። ድንኳኔን አድነህልኝ አንዲት ልጅ መጠበቅ ያቅተኛል?»

«ስልኩ ቢጮህስ?» አለ ሩዲ፣ እንደ ዕንቁላል ይዞት።

«አታንሳ!»

«ያቺ ጓደኛሽ ከሆነችስ?»

«እሷን አንሳት። ዊላ የላከችኝ አጎቷ ነኝ በላት፤ አብራህ ትጩህ።»

ሩዲ ኮፍያውን አጠለቀ፣ አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። ግንባሯን ሳማትና ሄደ። መጀመሪያ እየተራመደ፣ ከዚያ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ መኪኖቹ መሃል ሲደርስ ግን እንደገና እየሮጠ ነበር።

እውነቱን እንናገር፤ የመጀመሪያው ሰዓት ለዊላ ቀላል አልነበረም። ሽንት ቤት እንኳ ይዛው የምትገባው ስልክ የለም። እጇ አሥር ጊዜ ባዶ ኪሷ ውስጥ ገባ። ፍሙ በአንድ ወገን ነደደባት፣ በሌላ ወገን ሞተባት፣ ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት። ሁለት ቋሊማ ከሰል ሆኑ፤ ለወይዘሮ ኢንግሪድ ውሻ ተሰጡ፤ ውሻውም አሽትቶ ትቷቸው ሄደ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ጩኸቱ ከስታዲየሙ ግድግዳ በላይ ፈንድቶ ሜዳውን ሲያናውጥ ሬዲዮው ገና ተጫዋቾቹ እየተሰለፉ ነው ይላል። ዜናው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ ምክንያቱ።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ ወይዘሮ ኢንግሪድ ከሹራባቸው ቀና ብለው።

«ሬዲዮው ገና አልሰማም፣» አለች ዊላ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ሲጮህ ከመካከሉ አንዱ ድምፅ የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በስተመጨረሻ አንድ ትልቅ ጩኸት መጣ፣ ሚኒሶታዎቹ ከተቀመጡበት ጥግ። ከዚያ ሜዳው ጸጥ አለ። ወይዘሮ ኢንግሪድ ሬዲዮውን ሳይጠብቁ ቆሻሻ ድስታቸውን አወጡና ዊላ ፊት አስቀመጡላት። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ፤ ውል ውል ነው» አሉ እየሳቁ።

ሰዉ ወደየመኪናው ሲፈስ ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ሩዲ ነው። ድምፁ ፈጽሞ ተዘግቷል፣ አፍንጫው እንደ ዊላ ሻርፕ ቀልቷል፣ አንገቱ ላይ የብሪን ፀጉር ማሰሪያ ሪባን ታስሯል።

«ተሸነፍን!» አለ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ። «በአንዲት ነጥብ! ወይ ጉድ፣ ዊላ፣ ብታዪ! ያቺ ጓደኛሽ ደግሞ አፏ!» ስልኩን መለሰላት። ፎቶ አንስቶ ነበር፤ አብዛኛው የራሱ አውራ ጣት ነው። አንዱ ላይ ግን እሱና አባቷ ጎን ለጎን በአያቷ ወንበሮች ላይ ተቃቅፈው ይጮሃሉ።

አባቷ ከኋላ ደረሰ። ወንድሙን አየ፣ ልጁን አየ፣ ሻርፗን አጥብቆ አሰረላት። እጁ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቆየ።

«በይ፣ አሁን አምጪ፣» አለ ሩዲ እጁን ዘርግቶ። «ደክሞሻል። ቋሊማውም ጠቁሯል።»

ዊላ መቆንጠጫውን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ኤሚት፣ ድስቱን እጠብ!» አለች። «አጎቴ፣ አንተ እዚያ ደረጃ ላይ ቁጭ በል። በሳህን ይመጣልሃል።»

ሩዲ ኤሚትን አየ፤ ኤሚት ትከሻውን ነቀነቀና ድስቱን አነሳ። ሩዲም በሩን በእርግጫ ከፍቶ ብርድ ልብስ አወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ሁለቱንም ጉልበቱን ዘርግቶ። ዊላ ካልጠቆሩት መካከል ትልቁን መረጠችለት።